መጋረጃው አላጠረም

ለማንም አታውሩብኝና፣ ሰሞኑን በእንግድነት ከሄድኩበት ቤት የወጣሁት በመጸዳጃ ቤት መስኮት ነው። ስገባ እሺ ብሎ የተዘጋ በር ስወጣ እምቢ አለ። ገፋሁት፤ ሳብኩት፤ በትከሻዬ መታሁት፤ በመጨረሻ ለመንኩት። የቤቱ ባለቤት ከውጭ ሆነው «አትልፊ ልጄ፣ እሱ ሲያኮርፍ እንዲህ ነው! በመስኮቱ ነይ፣ በርጩማ አስቀምጬልሻለሁ!» አሉኝ። ግማሽ አካሌ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ፣ የቀሚሴ ጫፍ መቀርቀሪያው ላይ፤ ሁለት ጎረቤቶች ደግሞ ከታች ሆነው «ቀኝ እግርሽን! ኧረ ቀኙን ነው ያልንሽ!» እያሉ እንደ አዋላጅ ይጮኹብኛል። በዚህ ዕድሜዬ ሁለተኛ ተወለድኩ።

እኔ ስስቅ እሳቸው አልሳቁም። የተጣመመውን መቃን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ «ባሌ ይህን በር ሲሰቅለው በአንድ ጣት ነበር የሚከፈተው» አሉ። ከዚያ ወደ ስፌት መኪናቸው መሳቢያ ሄደው አንድ እቅፍ ወረቀት አወጡና ጭኔ ላይ ጣሉት። «አንብቢ። አንብበሽ ካልተናደድሽ ወደዚህ ቤት ተመልሰሽ እንዳትመጪ። ከፈለግሽም አትሚው፤ ያፈረ ይፈር።»

አነበብኩ። ተናደድኩ። እናንተም የድርሻችሁን ተናደዱ ብዬ ይኸው።

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው መጋረጃ ሰፊዋ ብሎ ነው። ሟች ባለቤታቸው ግንበኛ ነበሩ፤ ቤቱን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት። እሳቸው ደብዳቤ የሚጻጻፉት ከአክስታቸው የልጅ ልጅ ጋር ነው፤ «የእህቴ ልጅ» ይሉታል። ልጁ ተማሪ ሳለ እዚሁ ቤት፣ በመንገድ በኩል ባለችው ክፍል ይኖር ነበር፤ አሁን ባሕር ማዶ የአፈር ምርመራ መሐንዲስ ሆኗል። የእሳቸው ደብዳቤዎች እንዴት እጃቸው ላይ ቀሩ ብትሉ፣ ደብዳቤም የሚጽፉት እንደ ልብስ ነው፤ መጀመሪያ በርካሹ ላይ ይቆርጡና ኋላ በደህናው ወረቀት ይገለብጡታል።

መስከረም 18

ለምወድህ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሃል? ሥራው፣ ብርዱ፣ ብቻህን መብላቱ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ከቤቱ ይሻላል። አምላክ በደረስክበት ሁሉ በር ይክፈትልህ፤ እዚህ እንኳ በር መክፈት ፈተና ሆኗል።

በስልክ ያልነገርኩህ፣ ነገር ሲከብድህ «እትዬ አይሰማም፣ አይሰማም» ስለምትል ነው። ወረቀት አይቆራረጥም።

ዓምና የውሃው መሥሪያ ቤት በደጃችን መንገዱን ቆፍሮ ወፍራም ቧንቧ ቀበረ። ከዚያ ወዲህ በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ እንደ ፀጉር ነበር፤ ቀጥሎ እንደ ክር፤ አሁን ጣቴ ይገባበታል። የሳሎኑን መጋረጃ ታስታውሰዋለህ፣ ጫፉ ወለሉን ሳም አድርጎ እንዲቀር ለክቼ የሰፋሁትን። ዛሬ በመንገዱ ጥግ ወለሉ ሰምጦ፣ ከመጋረጃው ሥር የጎረቤት ድመት ሳትጎነበስ ታልፋለች።

አቤቱታ አቀረብኩ። አንድ ወጣት መሐንዲስ ላኩልኝ። መሬቱን በተረከዙ ረገጥ ረገጥ አድርጎ «ይሄ እኮ ድንጋይ ነው» አለ። መጋረጃውን ሳሳየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እማማ፣ ሲታጠብ አጥሮ ይሆናል።» እኔን! ጨርቅ ሳላጥብና ሳልተኩስ መቀስ አስነክቼ የማላውቀውን ሴት! ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ጥፋቱ የአፈሩ ሳይሆን የመሠረቱ ነው፣ «የሠራው ሰው አልቻለበትም» አለኝ። የሠራው ሰው ፎቶው ከጀርባው ተሰቅሎ ያየዋል።

ገንዘብ አልፈልግም፤ እንዳትልክ። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ይሄ ሲደርቅ ዶማ የሚመልስ፣ ሲቆርጡት ነጭ ሥር ሥር ያለው አፈር ምንድን ነው? ደግሞ ቧንቧው ከተቀበረ ወዲህ ከደጃችን ዝቅ ብሎ ውሃ ከመሬት በሚወጣበት ቦይ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት ይጋገራል። እጠርገዋለሁ፤ ተመልሶ ይመጣል።

እትዬህ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለማከብርዎት እትዬ፣

ደብዳቤዎን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ጉልበትዎን ይማርልኝ፤ ለመሐንዲሱም ልብ ይስጠው። «አጥሮ ይሆናል» ያለዎትን ለሥራ ባልደረቦቼ ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ የሳቀም አለ፣ ያፈረም አለ።

ያሉኝ አፈር ጂፕሰም የበዛበት ነው። ያው ኮርኒስ የሚሠራበት ነጩ ነገር። አፈር ውስጥ በተፈጥሮው ሲገኝ ቅንጣቶቹን እንደ ሙጫ ያያይዛቸዋል፤ ስለዚህ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ጋሼ መሠረቱን ሲጥሉ አፈሩ በእውነት ጠንካራ ነበር፤ ያጠፉት ነገር የለም።

ውሃ ሲያልፍበት ግን ሌላ ነው። ተማሪ ሳለሁ ያሠለጠነኝ አለቃዬ እንዲህ ያስረዳን ነበር፦ ኩብ ስኳር ደርቆ ቢጫኑት አይሰበርም። ሻይ ቢያንጠባጥቡበት ግን መጀመሪያ ቅርጹን እንደያዘ ውስጡ ይቦረቦራል፤ ቀጥሎ ድንገት ቁጭ ይላል። የሚያልፈው ውሃ ሙጫውን እያሟሟ ይዞት ይሄዳል። የሙጫው ቦታ ባዶ ይቀራል፤ ባዶው ሲበዛ ውሃው መንገድ ያገኛል፤ መንገድ ሲያገኝ የበለጠ ይፈሳል፣ የበለጠ ያጥባል። የቤቱ ክብደት ያው ነው፤ የሚሸከመው ግን ከሥሩ እየሸሸ ነው። ቦዩ ጠርዝ ላይ የሚጠርጉት ዱቄትም ከቤትዎ ሥር የወጣ ነው።

አፈሩ ይመርመርልኝ ይበሉ። ደርቆ ብቻ አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ብቻም አይደለም፤ ውሃ ለብዙ ጊዜ እያለፈበት ይመርመር። ውጤቱን ይላኩልኝ። የተሳሳተ ነገር ካለበት ስሜን ጽፌ በተቃውሞ እፈርምበታለሁ። እኔ ጋሼ በሠሩት ጣሪያ ሥር ተኝቼ የተማርኩ ሰው ነኝ።

አክባሪ ልጅዎ

ኅዳር 28

ለአንጀት አርሱ ልጄ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ዕድሜህን ያርዝመው፤ የምትሠራበት ወንበር ይመችህ። የቦዩን ዱቄት መጥረግ ትቻለሁ። ለካ ቤቴን ነው በመጥረጊያ ስጠርገው የከረምኩት!

እንዳልከኝ «ውሃ እያለፈበት ይመርመር» ብዬ አፋጠጥኳቸው። እሺ አሉ። ምርመራው የሚደረግበት ቤት ስሄድ ማን ቢቀበለኝ ጥሩ ነው? ያ የስኳሩ አለቃህ! ዛሬ የቦታው ኃላፊ እሱ ነው። ስምህን ስጠራለት ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። «እሱ እኮ የእጄ ሥራ ነው፤ አሁንም በየዓመቱ የድጋፍ ደብዳቤውን የምጽፍለት እኔ ነኝ» አለኝ። ኮራሁብህ።

ሥራቸውንም አሳየኝ። ከደጃችን የወጣው አፈር በብረት ቀለበት ታስሮ፣ ክብደት ተጭኖበት ተቀምጧል። ከላይ ካለ ባልዲ በቀጭን ቱቦ ውሃ ይወርድበታል፤ ከሥር ሌላ ባልዲ ይቀበላል። የታችኛው ሲሞላ ሠራተኛዋ አንስታ ላይኛው ውስጥ መልሳ ትገለብጠዋለች። ጠብታ አያባክኑም። እኔም የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ለአበባዬ የማስቀር ሰው ነኝና «ተባረኩ፣ ውሃ እንዲህ ነው የሚያዘው!» ብዬ አመሰገንኳቸው።

ውጤቱ ሲመጣ ግን ጉድ ሆንኩ። ግልባጩን ልኬልሃለሁ። «ውሃ ለረጅም ጊዜ ሳይቋረጥ አልፎበት የአፈሩ ጥንካሬ አልቀነሰም» ይላል። ሰሞኑን ደግሞ ቤቱ «በግንባታ ጉድለት» ለመንገደኛ ስለሚያሰጋ ከክረምት በፊት እንዲፈርስ በሬ ላይ ወረቀት ለጠፉ። አፍራሿም እኔው! አላፊ አግዳሚው እያነበበ ከንፈሩን ይመጥጣል። የዳቦ ቤቱ ሰውዬማ «ለካ ባልሽ እንዲህ ነበር የሚሠራው?» አለኝ። የእሱን ዳቦ ቤት ማን ገነባውና!

አንተ አንብበው። ልክ ከሆነ ልክ ነው በለኝ፤ ባሌን እኔው እወቅሰዋለሁ። ልክ ካልሆነ እንዳልከው ፈርምልኝ።

እትዬህ

እዚህ ላይ ትንሽ ልግባ። ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ታኅሣሥ አለፈ፤ ጥር አለፈ። እትዬ ደብዳቤ አመላላሹን ባዩት ቁጥር መስኮት ላይ ይወጡ ነበር። በመጨረሻ የደረሰው ይኸው፤ ሰላምታው ከጉዳዩ እንደሚረዝም ልብ በሉልኝ።

የካቲት 3

እጅግ አድርጌ ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ሥራዎ፣ ጎረቤቶችዎ፣ አበባዎችዎ እንዴት ሰንብተዋል? እኔ በጸሎትዎ በጣም ደህና ነኝ። አየሩ ጥሩ ነው። ሥራም ጥሩ ነው፤ በዛ ብሎ ነው እንጂ። እድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ክፉ አያሳይዎ።

ሪፖርቱን አይቼዋለሁ። አሠራሩ ደንቡን የተከተለ ይመስላል። ለማንኛውም ቤት ከሰው አይበልጥምና ለጊዜው ሌላ ቤት እንዲከራዩ ትንሽ ነገር ልኬያለሁ። ራስዎን አያስጨንቁ።

አክባሪ ልጅዎ

የካቲት 26

ለመሐንዲሱ፣

ሰላምታዬን ባለፈው ደብዳቤ ስለጨረስኩት ከዚያው ቆንጥረህ ውሰድ።

የላክኸውን ገንዘብ መልሼልሃለሁ። እኔ ፊርማ ጠየቅኩህ እንጂ ምጽዋት ጠየቅኩህ? «እንዳትልክ» ብዬ በመጀመሪያው ደብዳቤ በጥቁር ቀለም ጽፌልህ ነበር። ቤት ልከራይ? መተኛ ያጣሁ መሰለህ? የእኔ ነገር ያለው «አልቻለበትም» የምትለው ቃል ላይ ነው! ቤቱ ሲፈርስ ድንጋዩ ብቻ መሰለህ የሚወርደው? ይህ ሰፈር ግማሹ በባሌ እጅ የተገነባ ነው። ነገ ሁሉም ግድግዳውን እያንኳኳ ሊስቅበት ነው፤ እሱም ተነስቶ አይመልስላቸው።

ደግሞ ሞኝ አታድርገኝ። ጥቅምት ላይ ስለ ስኳር አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈህልኝ ነበር፤ መጠየቅ እንኳ ሳያስፈልገኝ። አሁን ውጤቱን ልኬ ስጠብቅህ ስለ አበባዬ ትጠይቀኛለህ። ስለ አፈሩ አንዲት ቃል የለችም። «ይመስላል!» መሐንዲስ ይመስላል ይላል? እኔ ለደንበኛዬ «መጋረጃው ይደርስ ይመስለኛል» ብላት በመቀሴ ትወጋኛለች።

ማን አፍህን ያዘው? ያ ወንበሩን የለቀቀልኝ ሰው ነው? በየዓመቱ የሚጽፍልህ ደብዳቤ ነው?

ትተኛባት የነበረችውን ክፍል ዘግቻታለሁ፤ አደጋ ናት። ግድግዳው ላይ ለፈተና ስትዘጋጅ በእርሳስ የሞነጫጨርከው ቁጥር ነበር። ቀለም ቀቢ ስናመጣ ጋሼህ «ያቺን አትንኩ፣ የልጁ ናት» ብሎ ዙሪያዋን አስቀብቶ ተዋት። ስንጥቁ አሁን በመሃሏ አልፏል። ግማሹ ቁጥርህ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች ሆኗል።

ከእንግዲህ ፊርማም አልለምንህም። እውነቱን ብቻ ጻፍልኝ፤ ማን እንደሚወቀስ ልወቅ።

ሚያዝያ 6

እትዬ፣

አክብሮቱን ልቤ ውስጥ ይፈልጉት፤ በወረቀት ላይ ለመጻፍ አፍሬያለሁ።

ግምትዎ ልክ ነው። የመሥሪያ ፈቃዴ በየዓመቱ ሲታደስ የቀድሞ አለቃዬ ምስክርነት ይጠየቃል። ሪፖርቱ ላይ የእሱን ፊርማ ሳይ እስክሪብቶዬን መልሼ አስቀመጥኩ። የሪፖርቱን ስህተት ያሳወቀኝ ግን ሪፖርቱ አልነበረም፤ እርስዎ ነዎት። ባልዲው!

የስኳሩ ትምህርት ሁለተኛ ክፍል ነበረው። ሻይ ውስጥ ስኳር ሲጨምሩ ሲጨምሩ አንድ ቦታ ላይ ይጠግባል፤ ከዚያ በኋላ የጨመሩት ሥሩ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይሟሟም። ጂፕሰምም ያው ነው። የባልዲው ውሃ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከአፈሩ የቻለውን ያህል ወሰደና ጠገበ። ከዚያ ወዲያ ለስንት ሳምንት ቢመላለስ የሚወስደው ነገር የለም፤ አፈሩም ምንም አይሆንም። ሪፖርቱ «ለረጅም ጊዜ አለፈ» ሲል ቃሉ ውሸት አይደለም፤ ያለፈው ግን ያው አንድ ባልዲ ነው። ከቤትዎ ሥር የሚያልፈው እንደዚያ አይደለም። ከቧንቧው የሚወጣ ነው፤ ሁልጊዜ አዲስ፣ ሁልጊዜ የተራበ።

ባለፈው ሰኞ አለቃዬ ጋ ደወልኩ። «የጠገበ ሻይ ሌላ ስኳር አይቀበልም ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አልኩት።  «አንተ እዚያ ሆነህ ቧንቧ ትከፍታለህ። እኔ የተጣራ ውሃ ለአንድ አፈር ስደፋ ልክረም? መሥሪያ ቤቱ ውጤት ቶሎ አምጣ ይለኛል» አለኝ።

«ታዲያ የሰው ቤት ሊፈርስ ነው እኮ!»

«አንተን እኮ እኔ ነኝ ሰው ያደረግኩህ!»

«አውቃለሁ። ስለዚህ ነው ቀድሜ ለእርስዎ የደወልኩት።»

«እንግዲያው ደብዳቤህን የሚጽፍልህ ሌላ ሰው ፈልግ» አለና ዘጋው። እትዬ፣ ስልኩ በጣም በደንብ ነበር የሚሰማው።

የተቃውሞ ጽሑፌን ከነፊርማዬ ለውሃው መሥሪያ ቤት፣ ቤቱ ይፍረስ ላለው ክፍልና ለአለቃዬ ልኬያለሁ፤ አንዱ ግልባጭ እዚህ አለ። የጠየቅኩት ይህን ነው፦ ቧንቧው ዛሬውኑ ተዘግቶ ይፈተሽ፤ አፈሩ በአዲስ ውሃ እንደገና ይመርመር፤ ከሥር የሚወጣው ውሃ ተለክቶ ይደፋ፣ አይመለስ። በየዙሩ ምን ያህል ጂፕሰም ይዞ እንደወጣ፣ አፈሩም ምን ያህል እንደሰመጠ ይጻፍ። የግንበኛው ስም ከዚያ በኋላ ይነሳ።

ፈቃዴ በሐምሌ ይታደሳል። ሳይታደስ ከቀረ ያቺ ክፍል ትጠገንልኝ፤ መተኛ ያስፈልገኛል።

ልጅዎ

ሚያዝያ 29

ልጄ፣

ተናድጄብሃለሁ፤ ንዴቴ ገና አልበረደም። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ቤትህ ያስቀመጥከው ፍርሃት ሰው ቢሆን ኖሮ ኪራይ ታስከፍለው ነበር። ቢሆንም ጽሑፍህን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፊት ለፊት ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ያ ወጣት መሐንዲስም እዚያው ነበር። «አንተ ልጅ» አልኩት፣ «መጋረጃዬ አላጠረም። በል ድገመው።» «አላጠረም እማማ» አለ፤ ጆሮው ቀልቶ።

ምርመራው እንደገና ይደረጋል ብለዋል። ቧንቧውን ግን «እናያለን» ነው የሚሉት፤ የበሩንም ወረቀት አላነሱም። አለቃህ ሲያየኝ በዚህኛው ጊዜ ወንበሩን አልለቀቀልኝም፤ እኔም አልቀመጥኩም።

ከሁሉ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ምን መሰለህ? ያንን ባልዲ ሲገለብጡ «ተባረኩ» ያልኩት! ባሌን ሲከስሱት ቆሜ መረቅኳቸው! በአዲሱ ምርመራ የመጀመሪያ ቀን ገብቼ ምርቃቴን መልሱልኝ ነው የምላቸው።

ያቺን ክፍል አስጠግናታለሁ። አንተ ግን ፈቃድህ ይታደስ፤ ለእንግድነት ብቻ ና።

እትዬህ

ደብዳቤዎቹ እዚህ ላይ ያበቃሉ፤ ነገሩ ግን አላበቃም። አንብቤ ቀና ስል እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠብቁኝ ነበር።

«ተናደድሽ?»

«ተናደድኩ።»

«ጥሩ። እንግዲያው ሰኞ ምርመራው ሲጀመር አብረሽኝ ትሄጃለሽ። የእኔ ጉልበት ባልዲ አያነሳም።»

«ምን ላደርግበት ነው ባልዲውን?»

«ምን ታደርጊበታለሽ! ትደፊዋለሽ! ከአፈሩ ሥር የወጣች አንዲት ጠብታ ወደ ላይ እንዳትመለስ።» ዕድሜ ልካቸውን የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ለአበባ ሲያስቀሩ የኖሩ ሴት ናቸው ይህን የሚሉኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ ለእኔ ሳይሆን ለፎቶው «እስኪ ይደፋና ይታያል» አሉ።

እናም ወዳጆቼ፣ ሰኞ ባልዲ አንሺ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። አፈሩ ቁጭ ሲል አለቃው ፊታቸውን ወዴት እንደሚያዞሩ፣ በሩ ላይ ያለውን ወረቀትም ማን በገዛ እጁ እንደሚልጠው በዓይኔ አይቼ እነግራችኋለሁ። ካልተላጠም ያልላጠውን ሰው ማዕረግ እነግራችኋለሁ። እስከዚያ ድረስ እዚያ ቤት ስሄድ ሻይ አልጠጣም፤ መስኮቱ ጠባብ ነው።